ሩት ማናት?

ፎልደሩን የፈጠርኩት እኔ። ስም ያወጣሁለት እኔ። ጥቅምትን ሙሉ ማመልከቻ እየተየብኩ የሞላሁት እኔ። ታዲያ አንድ ጠዋት ራይት ክሊክ አድርጌ፣ ፕሮፐርቲስ ብዬ፣ የፈቃዱን ገጽ ስከፍት ከታች ምን ተጽፎ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? «ባለቤቱ አንተ ስላልሆንክ እነዚህን ፈቃዶች መለወጥ አትችልም።»

ዓይኔን አሸት አሸት አድርጌ ደግሜ አነበብኩት። ከላይ፣ «ባለቤት» ከሚለው ቃል ጎን፣ አራት የላቲን ፊደላት ቁጭ ብለዋል። የጽሕፈት ቤታችን ታይፒስት እታለም በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየችና እንደ ልማዷ በፍጥነት አነበበች።

«ሩት ማናት?»

አለቃችን ጋሼ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ኋላ ቀና አሉ። «ማን?»

«ሩት። ባለቤቷ ሩት ነች ይላል።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ልጅ፣ እኔ ሩት የምትባል ሰው አልቀጠርኩም። ማንን ነው ማታ ማታ ኮምፒውተሬ ላይ የምታስቀምጠው?»

ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት አለፈው፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ታክሲ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ፈንጠር ይላል።

ቤቱ ተጂ ነበር፣ ከጅማ መንገድ ዳር። ከአዲስ አበባ ወጥታችሁ ዓለም ገናን፣ ሰበታን፣ ተፍኪን ስታልፉ የምትደርሱባት ከተማ ናት፤ ወደ አስጎሪና ቱሉ ቦሎ የሚጣደፈው አባዱላ ሰው አውርዶ ሰው ጭኖ ውልቅ የሚልባት። የኢሉ ወረዳ ዋና ከተማ ስለሆነች ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እርሷ ይመጣል፤ ጉዳይ ካለ ደግሞ ማመልከቻ አለ፤ ማመልከቻ ካለ የጋሼ ጽሕፈት ቤት አለ። ከኋላችን የበቾ ሜዳ ነው፤ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጓያ። ክረምት ላይ ውሃው ሜዳው ላይ ይተኛና ዋልካው ጫማ ይነጥቃል። ባለጉዳዮቻችን ቤት ሲገቡ እግራቸው ላይ ግማሽ ኪሎ በቾ ይዘው ነበር የሚገቡት፤ እታለም በር ላይ የተዘረጋውን ማዳበሪያ እያሳየች «እባካችሁ እዚህ ጥረጉ» ስትል ትውላለች።

ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነው ሊኑክስ ነበር። ሊኑክስ እዚያ ምን ፈለገ? እውነቱን ልናገር፤ ቫይረስ ነው ያመጣው። የዚያን ጊዜ ሰው ፍላሽ ሲያመጣ በሽታ ይዞ ነበር የሚመጣው። ፎልደር ይመስላል፣ ቢጫ ነው፣ ስሙም «ኒው ፎልደር» ነው፤ ሁለቴ ስትጫነው ግን ፎልደር አልነበረም፣ ፕሮግራም ነበር፤ አለቀልህ። ወይም ደግሞ ፎልደሮችህ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ታገኛቸዋለህ። ዊንዶውስ ኤክስፒያችን በወር አንድ ጊዜ ፎርማት ይደረግ ነበር፤ ፎርማት የሚያደርግልን ልጅ ከሰበታ ነበር የሚመጣው፤ ጋሼ ለእርሱ የሚከፍሉትን ሲያስቡ ቀለም ከመግዛት ይልቅ ያማቸው ነበር።

እኔ ታዲያ አዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ። ኡቡንቱ የሚባል የሊኑክስ ዓይነት አለ፤ ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጠፈር ደርሶ የተመለሰ ሀብታም፣ ገንዘብ እያወጣ ያሠራዋል፤ ሲዲውን ደግሞ ያኔ ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። በነፃ! የፖስታውን እንኳ አያስከፍልም ነበር ጌታዬ! ሺፕ ኢት ይባል ነበር አሠራሩ። ቅጹን ሞላሁ፤ የዘመድ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ሰጠሁ፤ ከዚያ መጠበቅ። ስሪቱ 8.04 የተባለው ነበር፤ የወጣው ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ በራሳችን በሚሊኒየሙ ዓመት። ፖስታው ክረምት ላይ ደረሰ። ሲዲው ከካርቶን ልባሱ ሲወጣ የነበረው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ ብዬ ብምል ኃጢአት አይሆንብኝም።

ተጫነ። ከበሮ የመሰለ ድምፅ አሰማና ተከፈተ። ስክሪኑ ላይ ምን ወጣ? ሳቢሳ! ባለ ረጅም አንገት ሳቢሳ፣ ቡናማ መደብ ላይ በቀጫጭን መስመር የተሳለ። የስሪቱ ቅጽል ስም በዚያች ወፍ ነበር። በመስኮት ውጭውን ስናይ የእውነቶቹ ሳቢሳዎች ሜዳው ላይ በውሃው ዳር ቆመዋል። አንድ ኦቦ ማመልከቻቸውን ሊያስጽፉ መጥተው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩና «ይቺንም አስገባችኋት?» አሉን።

ቫይረሱ ጠፋ። የሰው ፍላሽ ስንከት ያ «ኒው ፎልደር» ነኝ ባይ እንደ ሞተ እባብ ተጋድሞ ይታያል፤ ጅራቱ ላይ ያለው ስሙ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ። ሁለቴ ብትጫነው እንኳ ምንም አይልም። ጋሼ ያን ቀን ምሳ ጋበዙን። ፌሽታ ነበር! ፌሽታው የቆየው ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ፈቃድ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒያችን ላይ ሁላችንም አንድ ሰው ነበርን፤ ማን ምን እንደሠራ የሚጠይቅ አልነበረም። ኡቡንቱ ግን ሲጫን ስም ጠየቀ። ጋሼ ኮምፒውተሩ የእኔ ነው ብለው ቀድመው ተመዘገቡ፤ ለእኔ ለብቻዬ ሁለተኛ መግቢያ አወጣሁ፤ እታለም በእኔ ትገባለች። ይኼኔ ነው ኮምፒውተሩ ሰው መለየት የጀመረው። የሠራሁትን ፋይል ጋሼ በራሳቸው ሲገቡ ማረም አይችሉም፤ የእሳቸውን እኔ አልነካም። ናውቲለስ የተባለው የፋይል ማሳያ ላይ አንዳንዱ ፎልደር ጥግ ላይ ቁልፍ ለጥፎ ይኮሳተራል።

የፈቃዱ ገጽ ሦስት ዓይነት ሰው ያውቃል፤ ባለቤት፣ ቡድን፣ ሌሎች። እታለም ቶሎ ነበር የገባት፤ «ባለቤት፣ ዕድርተኛና መንገደኛ ማለት ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ቀረ። ለእያንዳንዳቸው ደግሞ ተቆልቋይ ዝርዝር አለ፤ «ምንም»፣ «ዝርዝር ማየት ብቻ»፣ «ፋይሎቹን መጠቀም»፣ «ፋይል መፍጠርና ማጥፋት»። ሲነበብ ቀላል ነው። ሲሠሩት ግን ጉድ ነው።

እኔ የገባኝ በጎተራ ነው። «ዝርዝር ማየት ብቻ» ማለት ጎተራው በር ላይ ቆመህ በቀዳዳ ጆንያ መቁጠር ነው፤ የጤፍ ነው የምስር፣ ፈትተህ ማየት አትችልም። «መጠቀም» ማለት ገብተህ ጆንያ መፍታት ነው። «መፍጠርና ማጥፋት» ማለት ጆንያ ማስገባትና ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚደናገረው፤ ጆንያ ለማውጣት የሚያስፈልግህ የጎተራው ፈቃድ እንጂ የጆንያው አይደለም። አንድን ፋይል «ማንም አይንካው» ብለህ ብትቆልፈው፣ ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሰው አንድ ፊደል ሳይቀይርበት ጠቅላላውን ይሰርዘዋል። ጋሼ ይህን በሰሙ ጊዜ «ታዲያ ቁልፉ ለምን ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

አንድ መምህር ነበሩ፤ የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሊያስተይቡ መጡ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፤ የተማሪ ነፍስ አለበት። «ይኼ ፎልደር ከእኔና ከአንተ ውጭ ማንም እንዳያየው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «መምህር፣ ይኼ እኮ ዊንዶውስ አይደለም» አልኳቸው። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፈቃድ። ሌሎች፦ «ምንም»። ዘጋሁት። «ይኸው ተቆለፈ!» መምህሩ ጠንቃቃ ናቸው፤ «እስቲ ድጋሚ ክፈተው» አሉ። ከፈትኩ። ሌሎች፦ «ፋይል መፍጠርና ማጥፋት»። ደገምኩት፤ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ፤ ተመለሰ። አንድም የስህተት መልእክት የለም! እሺ ይላል፤ ዘወር ስትል እንደነበረ ነው። መምህሩ ወረቀታቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «በእጄ እጽፈዋለሁ» ብለው ሄዱ።

ምክንያቱን ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ፎልደሩን የፈጠርኩት በዲስኩ የድሮው ዊንዶውስ ክፋይ ላይ ነበር። ያ ክፋይ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ አሠራር የተዘጋጀ ነው፤ እኛ ጋ በተያያዘበት አኳኋን የሊኑክስን ባለቤትና ቡድን የሚመዘግብበት ቦታ የለውም፤ ለሁሉም እኩል ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው። ፍላሽ ላይ የሚሠራበት ፋትም እንደዚያው ነው። ናውቲለስ ግን ይህን አፍ አውጥቶ አይነግርህም። ዝርዝሩን ያሳይሃል፣ ያስመርጥሃል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይመልሰዋል። የሠራው ሰው እንደ እኛ አገር ሽማግሌ ይሉኝታ ይዞት ይሆናል፤ «አይሆንም» ማለት ከብዶት።

ወደ ሩት ልመለስ።

ሩት እንዴት ቤታችን ገባች? በእኔ በራሴ እጅ። የጋሼና የእኔ ፎልደሮች አልግባባ ሲሉ አዲስ አበባ ሄጄ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ፤ ያገኘሁትን ምክር አሳትሜ፣ ወረቀቱን አጣጥፌ ይዤ ተመለስኩ። ልብ በሉ፤ መልሱን በወረቀት፣ በአባዱላ ተሳፍሬ ነው ያመጣሁት። ወረቀቱ «ሱዶ ናውቲለስ ብለህ ጻፍ» ይላል። ጻፍኩ። ፓስወርድ ጠየቀ። አዲስ መስኮት ተከፈተ፤ አቤት ያ መስኮት! አንድ ቁልፍ የለም፣ አንድ ኩርፊያ የለም፤ የፈለግከውን ታያለህ፣ የፈለግከውን ታወጣለህ፣ ታስገባለህ። ማመልከቻዎቹን በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰበሰብኩ። «ይቀመጥ» ብዬ አንድ ቅጂ ለብቻው በሳጥን ያለ ዲስክ ላይም ገለበጥኩ። ጋሼ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

በዚያ መስኮት ውስጥ ስሠራ ግን እኔ እኔ አልነበርኩም። የሥርዓቱ ሁሉ የበላይ የሆነው ስም ሩት ነው፤ እንግሊዝኛው ሥር ማለት ነው፤ እኛ ግን ሴትዮ አድርገናት ቀረን። በሩት መስኮት የተገለበጠ ሁሉ የሩት ነው። ለዚህ ነው ጠዋት «ባለቤቱ አንተ አይደለህም» የተባልኩት።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በማግሥቱ ስገባ ስሜን ጻፍኩ፣ ፓስወርዴን ጻፍኩ፣ ከበሮው ተመታ... ከዚያ አንድ የስህተት መልእክት ብልጭ ብሎ ተመልሼ የመግቢያው ገጽ ላይ ተጣልኩ። እንደገና። ከበሮ፣ ብልጭ፣ ውጭ። እንደገና። ከበሮ፣ ብልጭ፣ ውጭ። ከሠርግ ቤት በር ላይ የተመለሰ ሰው መሰልኩ፤ ዘፈኑ ይሰማኛል፣ አልገባም። ሱዶ ናውቲለስ ስል ሩት የእኔን የግል ቤት፣ ማለትም የራሴ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር፣ እንደ ራሷ ቤት ተጠቅማበት ኖሯል፤ አይስ ኦቶሪቲ የምትባል፣ ስሟ በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ፋይል የሩት ሆና ተመዝግባለች፤ እኔ ስገባ ያቺን ፋይል መንካት ስላልቻልኩ ቤቱ ራሱ አስወጣኝ። ትክክለኛው ትእዛዝ ጂኬሱዶ የሚባለው ነበር፤ እርሱ ሩትን የራሷ ቤት ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚያሠራት። ወረቀቴ ላይ ግን አንዲት ፊደል ስለ እርሱ አልነበረችም።

መፍትሔው ጥቁሩ ስክሪን ነው። ኮንትሮል፣ ኦልት፣ ኤፍ 1 ተጭነህ ትገባለህ፤ ስዕል የለም፣ ሳቢሳ የለም፤ ነጭ ፊደል ብቻ። ቾውን የሚለው ትእዛዝ ባለቤትነት ያስመልሳል። ስሜን ጽፌ፣ ቤቴን ጽፌ፣ ኢንተር። ያ ትእዛዝ እሺ ሲል ምንም አይልም፤ መስመር ብቻ ይወርዳል። እታለም «ምን አለ?» ስትለኝ «ምንም አላለም» አልኳት። «እንግዲያው ተቆጥታለች» አለች። ከበሮው ተመታ፤ ሳቢሳዋ ወጣች! ጎረቤት ያለችው ጠጅ ሻጭ ጩኸታችንን ሰምታ ሰው የሞተ መስሏት መጥታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጥቁሩን ስክሪን ወደድኩት። የሚያሳዝነው ግን ግማሽ እውቀት ይዤ መውደዴ ነው። ሲኤችሞድ የሚል ትእዛዝ አለ፤ ፈቃድን በቁጥር ይሰጣል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ መግባት ወይም ማስኬድ 1፤ ሲደመር 7። ለባለቤት፣ ለዕድርተኛ፣ ለመንገደኛ በየተራ ስትጽፈው 777 ይሆናል፤ ሁሉም ሁሉን ያድርግ ማለት ነው። እንዴት ያለ ቸርነት! ናውቲለስ ላይ «በውስጡ ላሉትም ፋይሎች ተግብር» የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ግማሹ እሺ ግማሹ እምቢ ሲለኝ የኖርኩ ሰው፣ በአንድ መስመር ሺህ ፋይል ስከፍት ስልጣን ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ጥር 2001 ነው፤ የሠርግ ወር፤ የጥሪ ካርድ ማዘዣ ተከምሯል። ፕሪንተሩ እምቢ አለ። እኔ ደግሞ ሕመሙ ሁሉ ፈቃድ ይመስለኝ ነበርና የሥርዓቱ ማስተካከያ ፋይሎች ያሉበትን ኢቲሲ የሚባል ፎልደር በሙሉ 777 አልኩት። ውስጡ ያለውንም ጨምሮ።

ፕሪንተሩ አልሠራም። ሱዶም አልሠራም። ሱዶ የሩትን ስልጣን ማን መዋስ እንደሚችል የሚያውቀው ኢቲሲ ውስጥ ካለ አንድ ዝርዝር ነው፤ ያ ዝርዝር ፈቃዱ 0440 መሆን ነበረበት፤ አሁን 0777 ነው፤ ማንም መንገደኛ ስሙን ሊጽፍበት ይችላል። ስለዚህ ሱዶ «በዚህ ዝርዝር አላምንም» ብሎ ቁጭ አለ። ትክክል ነበር! ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ቤቱ ውስጥ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ትክክል ነበር። ያን ዝርዝር ለማስተካከል ሩት ታስፈልጋለች፤ ሩትን ለመጥራት ያ ዝርዝር ያስፈልጋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን የዘጋ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ በሩን የዘጋሁት ካርድ የሚጠብቁ ሦስት ሙሽሮች ፊት ነው።

«አንተ ልጅ» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ «ሩት የት ሄደች?»

ካርዶቹን እታለም ሰበታ ወስዳ አሳተመቻቸው። እኔ ሌሊቱን ያንኑ የፖስታ ሲዲ ከትቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። በዚህ ጊዜ ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነበርኩ፤ ጋሼ ሁለተኛ። ሌላ ጉድ! ፋይሎቻችን ያሉበትን ክፋይ ሳልነካ ነበር የተውኩት፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ባለቤትን በልቡ የሚያውቀው በቁጥር እንጂ በስም አይደለም። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ 1000 ነው፣ ቀጣዩ 1001። ሲነጋ ጋሼ ገብተው የዕቁባቸውን ሒሳብ ሲከፍቱ ባለቤቱ እኔ ሆኛለሁ፤ የእኔ ፎልደሮች ደግሞ የጋሼ ሆነዋል። በአንድ ሌሊት ቤት ተለዋወጥን። ጋሼ ስሙን አዩና «ውርሱን እንኳ እስክሞት ብትጠብቅ» አሉኝ።

የእኔ ፎልደሮች የጋሼ ሲሆኑ ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነበር። «ፕሪንተር ድራይቨር» የሚል አንድ ፎልደር ነበረኝ። ውስጡ ድራይቨር አልነበረም፤ ደብዳቤ ነበር፤ ከእህል በረንዳው ማዶ ላለች ልጅ። ጋሼ አንብበውት ኖሯል፤ ያውም ከመጀመሪያው ጀምሮ። ለካ ኡቡንቱ ያን ሁሉ ሲያንቀጠቅጠን የእያንዳንዱን ሰው ቤት ፎልደር ለሌሎች ማንበቢያ ክፍት አድርጎ ነበር የሚፈጥረው! መጻፍ አይቻልም፤ ማንበብ ግን እንደ ልብ። ይህን በነባሪነት የዘጉት 21.04 ላይ ነው፤ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም.፤ ደብዳቤዬ በተነበበ በአሥራ ሁለት ዓመቱ። ጋሼ ያኔ ያሉኝ «ሁለተኛው ገጽ ላይ ፊደል ገድፈሃል» ብቻ ነው።

ይህ የባለቤት፣ የቡድንና የሌሎች ሕግ ከየት እንደመጣ ሳውቅ ደግሞ ይብሱን አሳቀኝ። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ተጀመረ፤ ያኔ ኮምፒውተር ውድ ነበር፤ አንዱን ማሽን ብዙ ሰው በየተርሚናሉ ተካፍሎ ነው የሚሠራበት። ባለቤት፣ ቡድን፣ ሌሎች ማለት ለዚያ ዓይነት ቤት ተገቢ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር ያንኑ ሕግ ወረሰው፤ ከእርሱ ወደ ሻትልወርዝ፣ ከሻትልወርዝ በፖስታ ወደ ተጂ። የአንድ ትልቅ ቤተ ሙከራ ደንብ አንድ አረጋዊ፣ አንዲት ታይፒስትና አንድ የማያርፍ ልጅ ላይ ወረደ።

ከእኛ መንገድ ሳልወጣ አንድ ልጨምር። ከተጂ ቀጥለህ ወሊሶ ደርሰህ ወደ ወንጪ ትወጣለህ፤ ሐይቁ ያለበት። በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለ ሌላ መንደር ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች የሞቶሮላ ታብሌት በታሸገ ካርቶን፣ ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ጉባኤ ላይ እንደተናገረው፣ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ አንድሮይዱን ሰብረው ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፍተውታል። አንድሮይድ ደግሞ ሆዱ ሊኑክስ ነው። ይህን ስሰማ ለጋሼ ደወልኩላቸው፤ «ወንጪ ላይ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ሩትን አሸነፏት!» አልኳቸው። «አንተስ ስንት ዓመትህ ነበር?» አሉኝ።

አሁንስ? አሁን የእህቴ ልጅ ስልክ አላት። አዲስ መተግበሪያ ስትጭን «ካሜራህን ልጠቀም?» ፍቀድ። «ስልክ ቁጥሮችህን ልይ?» ፍቀድ። «የት እንዳለህ ልወቅ?» ፍቀድ፣ ፍቀድ፣ ፍቀድ። አውራ ጣቷ ሳታነብ ነው የሚያልፈው። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እቅበጠበጣለሁ፤ ምክንያቱም የዚያ ስልክ ሆድ ውስጥ ያለው ያው የእኛ ሕግ ነው፤ አንድሮይድ እያንዳንዱን መተግበሪያ እንደ አንድ ሰው ቆጥሮ የራሱ የተጠቃሚ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከ10000 ጀምሮ ይቆጥራል። ጋሼ 1000፣ እኔ 1001፣ የፎቶ ማሳመሪያዋ አሥር ሺህ ምናምን። ሁላችንም አንድ መዝገብ ላይ ነን! «አንቺ፣ እኛ እኮ ለአንዲት ፈቃድ አዲስ አበባ ድረስ እንሄድ ነበር» ስላት «ለምን አልደወልክም?» ትለኛለች።

የዴስክቶፑስ መስኮት? ናውቲለስ ስሙን «ፋይልስ» ብሎ አሳጥሯል፤ ፊቱ አምሯል፣ ተኳኩሏል። ሲዲ በፖስታ መላኩ 2003 ላይ ቀርቷል። ጂኬሱዶንም 2010 ላይ፣ 18.04 ሲወጣ፣ ከማኅደሩ አስወጡት፤ አሁን በአድራሻው ቦታ ላይ አድሚን ብለህ፣ ሁለት ነጥብና ሦስት ስላሽ ጨምረህ ነው ሩትን የምትጠራው፤ ይህን ማንም በራሱ አይደርስበትም። ፈቃዱን ግን አሁንም ፎልደሩ ላይ ለብቻ፣ ውስጡ ላሉት ለብቻ ነው የምትቀይረው። ፍላሽ ላይ አሁንም እሺ ብሎ ይመልሰዋል። ባለቤት፣ ቡድን፣ ሌሎች፤ ንቅንቅ አላሉም። ፍርዴን ከፈለጋችሁ፣ ያ መስኮት ያኔም መጥፎ ነበር፣ ዛሬም መጥፎ ነው፤ ጥቁሩ ስክሪን ቢያንስ አይሸነግልም።

ባለፈው ጥር ተጂ ሄጄ ነበር። የሽምብራ እሸት በእቅፍ ገዝቼ እየፈለፈልኩ ጋሼ ቤት ገባሁ። አሁን ሥራው ኦንላይን ቅጽ መሙላትና ፎቶ ማተም ነው። እታለም የራሷን ቤት ከፍታለች፤ ማዶ፣ እህል በረንዳው አጠገብ። ጋሼ መሳቢያቸውን ጎርጉረው ያን በሳጥን ያለ ዲስክ አወጡ፤ በሩት መስኮት ቅጂውን የገለበጥኩበትን። ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፤ አጉረመረመና ተከፈተ። «ማመልከቻዎች» ቁጭ ብሏል፤ ጥግ ላይ ቁልፉን እንደለጠፈ። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ፈቃድ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ።

«አለች?» አሉ።

አለች። ባለቤት፦ ሩት። ቾውን ብዬ ላስተካክለው እጄን ስሰድ ክንዴን ያዙኝ፤ ዲስኩን ነቅዬ መለስኩላቸው።